እህቴ፣ መጀመሪያ ጻፊው

እስቲ ላፕቶፑን ትንሽ ወደ እኔ አዙሪው። አይዞሽ፣ አላነበውም፤ የገጹን ቁጥር ብቻ ነው የማየው። 34። የኔ ቆንጆ፣ ትናንት በስልክ «ማክሰኞ ፊልሜን ለፕሮዲውሰር ላቀርብ ነው» ስትዪኝ እኮ ያለቀ መስሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። በእኛ ሙያ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። 34 ገጽ ማለት ተመልካቹ ፈንዲሻውን ሳይጨርስ መብራት በራ ማለት ነው። በይ ወንበርሽን ሳቢና ማኪያቶሽ ሳይቀዘቅዝ አዳምጪኝ። ፒያሳ ተወልጄ ነው ያደግሁት። በዚህ ሰፈር ስንት ፊልም በአፍ ተጀምሮ በአፍ እንዳለቀ አውቃለሁ፤ ያንቺው ከእነዚያ ጋር እንዲቆጠርብኝ አልፈልግም።

መጀመሪያ ይኼን ያዢልኝ፤ ታሪክሽን አታውሪው፣ ጻፊው። የኛ ሰፈር ሰው ወሬ ያውቅበታል። እዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጠው ሁሉ አንድ ያልተሠራ ፊልም አለው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይጨምርበታል፣ በሦስተኛው ማኪያቶ ላይ ታሪኩ ያምራል፣ ሁሉም «ይኼማ መሠራት አለበት» ይላል፣ ባለቤቱም የተገላገለ መስሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፣ ሆዴ። አንዴ በደንብ የተወራ ታሪክ ከሆድ ወጥቷል። ማታ ወረቀቱ ፊት ስትቀመጪ የሚያንገበግብሽ ነገር አይኖርም፤ ሰዎቹ ቀድመው አጨብጭበውልሻል። እስክትጨርሺ ድረስ «ምን እየጻፍሽ ነው?» ለሚልሽ ሁሉ «አንድ ነገር እየሞከርኩ ነው» በዪና ስለ ትራንስፖርት ችግር አንሺ።

ወሬ ሌላም ጣጣ አለው። በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ አንድ ታሪክ ነበረኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ የባሏ ስልክ ቁጥር እንዳይዘጋ በየወሩ ካርድ ትሞላለታለች። አንድ ቀን ስልኩ ይጠራል። ይኼን ለአንድ ሰው ነገርኩት። ጥሩ አድማጭ ነበር፤ ሻይ ጋበዘኝ፣ «ከዚያስ?» እያለ እስከ መጨረሻው አስወራኝ፣ የሴትየዋን ልጆች ስም ሳይቀር ጠየቀኝ። ዓመት ከመንፈቅ አለፈና ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ በመስኮት አንድ ፖስተር አየሁ። ሴት፣ ጥቁር ልብስ፣ እጇ ላይ ስልክ። ወርጄ ቀርቤ አነበብኩት፤ ስሜ የለም። አንድ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ጽሑፉ የታለ ልጄ?» ጽሑፍ አልነበረኝም። አንዲት ገጽ እንኳ አልነበረችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልጻፍኩትን ታሪክ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ሕጉን ልንገርሽ፤ ይሰለቻል ብለሽ ፊትሽን አታዙሪብኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም። «የሞተ ባሏን ስልክ የምትሞላ ሴት» ሐሳብ ናት፤ የማንም ናት። ጥበቃ የሚያገኘው የራስሽ ወጥ ሥራ ሆኖ የተጻፈው ነው፦ ትዕይንቶቹ፣ ንግግሮቹ፣ አንቺ የገነባሽው መንገድ። ጽፈሽ ስትጨርሺ መብቱ ያንቺ ነው፤ ማስመዝገብ የግድ አይደለም። እኔ ግን አስመዝግቢ እላለሁ። የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ሄደሽ ቅጂ ታስገቢያለሽ፣ ማስረጃ ትቀበያለሽ። ከዚያ በመለስ ደግሞ እያንዳንዱን ረቂቅ ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፤ ቀኑ እዚያ ላይ ይቀመጥልሻል። ወጪ የለውም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ እና ዛሬውኑ ከዚህ ሳትነሺ ታደርጊዋለሽ።

አሁን ጨርሰሻል እንበል። ዘጠና ምናምን ገጽ፣ ሦስት ጊዜ የታረመ፣ ሁለት የምታምኚያቸው ሰዎች ያነበቡት። አሁን ማውራት ይፈቀድልሻል። እንዴት እንደምትናገሪ ግን እንይ። ቅድም ስትለማመጂ ሰምቼሻለሁ፦ «ፊልሜ ስለ ፍቅር፣ ስለ ክህደትና ስለ ይቅርታ ነው።» የኔ እመቤት፣ ይኼማ ስለ ሁሉም ፊልም እኮ ነው! ፕሮዲውሰሩ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማው አታውቂም። ማን ናት? ምን ፈለገች? ምን ከለከላት? በአንድ ትንፋሽ።

ላሳይሽ። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ታስታውሻለሽ? እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩን እንዲህ ብዬ ብነግርሽስ፦ እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ ያለው ወዳጅ ቹኒ የምትባል በግ ብቻ ናት፤ አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ነው። አየሽ? «ታዲያ ምን አደረገ?» ልትዪ አፍሽን ከፈትሽ። ስለ ብቸኝነት ነው፣ ስለ ድህነት ነው አላልኩሽም፤ በግና ቢላዋ ነው ያሳየሁሽ።

ሌላ ልጨምርልሽ። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ»። በጥንቱ የኛ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በልብስ ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይጓዙ ነበር፤ ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ መንገድ ይመታሉ፤ አንዱ ሌላውን አይለቅም። ይኼን የሰማ ፕሮዲውሰር ሌላ ማብራሪያ ይፈልጋል? ሁለት የሚጣሉ ሰዎች ታስረዋል፣ መንገዱ ረጅም ነው። ፊልሙ ራሱን እየሸጠ ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ደግሞ ከየትም የመጣ ሐሳብ አለመሆኑ ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 «ጉማ»ን ሲሠራ የደም ካሳውን ሥርዓት ነበር የያዘው። አንቺም ትልቅ ነገር ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። እናትሽ ቤት የዕቁብ ጸሐፊ የነበሩት ሴትዮ ብቻቸውን አንድ ፊልም ይወጣቸዋል፤ ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ።

መለማመጃ ደግሞ ልስጥሽ። መስታወት ፊት አትለማመጂ፤ መስታወት «ከዚያስ?» አይልም። እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ሁለተኛው ላይ፣ ለአክስትሽ ንገሪያት። ስልኳን ካነሳች ታሪክሽ እዚያች ቦታ ላይ ደክሟል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ያዢና ቤትሽ ገብተሽ አስተካክዪው። «ከዚያስ?» ካለችሽ ግን ቀጥዪ። «ልጅቷን ግን አትግደያት» ካለችሽ ጨርሰሻል፣ ወደ ፕሮዲውሰሩ ሂጂ። ሲኒማ ቤትም ስትገቢ ከኋላ ተቀመጪ። ፊልሙን ሳይሆን ሰዉን እዪ። እኔ ሲኒማ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ከሰዓት ያሳለፍኩት እንዲህ ነው፤ ሰው መቼ እንደሚስቅ፣ መቼ ወንበሩ ላይ እንደሚቁነጠነጥ፣ መቼ ትንፋሹን እንደሚውጥ። የቴዎድሮስ አደባባዩን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ያየ የአዲስ አበባ ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ፈርቶም ቢሆን ግን ሊያይ ይመጣ ነበር። ተመልካችሽ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነው። አታሳንሺው፤ ከብዙ ተቺ በላይ ያውቃል።

ከፕሮዲውሰር ጋር ስለሚኖርሽ ቀጠሮ ደግሞ በደንብ ስሚኝ፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ቀጠሮ በቀን ነው። ቢሮ፣ ወይም እንደዚህ ያለ ሰው የሚበዛበት ኬክ ቤት። «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እራት እየበላን እናወራዋለን» ካለሽ «ጠዋት ይመቸኛል» በዪው። «ሆቴል ክፍሌ ውስጥ ስክሪፕቱን እናንብበው» ካለሽ ስልኩን ዝጊ፤ መልስም አያስፈልገውም። በዚህ ምክንያት የሚቀርብሽ ፊልም ያንቺ ፊልም አልነበረም። አንድ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ ጓደኛሽ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ፣ እኔም እመጣለሁ። ሰውየው ቢያረፍድ አርባ ደቂቃ ጠብቂና «ሌላ ቀን ይሁን» ብለሽ በትሕትና ሂጂ። ሁለት ሰዓት የጠበቀችውን ልጅ ማንም በዋጋዋ አያነጋግራትም። ደግሞ ይኼ ሁሉ ፕሮዲውሰር ክፉ ነው ማለት አይደለም። ደመወዙን በጊዜ የሚከፍል፣ አንብቦ በእርሳስ ምልክት አድርጎ የሚመልስ፣ «ይኼኛው አይሆነኝም፣ እገሌ ጋ ውሰጂው» የሚል ስንት ደግ ሰው አለ። እሱን የምታውቂው በአንድ ነገር ነው፤ «ንገሪኝ» ሳይሆን «ላኪልኝና ላንብበው» ይላል።

ይዘሽ የምትሄጂው አንድ ገጽ ነው። ርዕስ፣ ስምሽ፣ ስልክሽ፣ ቀኑ፣ ታሪኩ ከነመጨረሻው። መጨረሻውን አትደብቂ፤ ሰውየው ተመልካች አይደለም፣ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ነው። ሙሉውን ስክሪፕት ሲጠይቅሽ በኢሜይል ላኪለት፣ በእጅ አትስጪ። ስንት ቦታ፣ ስንት ተዋናይ፣ ስንት ሌሊት ቀረጻ እንዳለውም ቀድመሽ ቁጠሪ፤ «ይኼ ትዕይንት በዝናብ ነው» ስትዪ የሱ ልብ ስለ ውኃ ቦቴ እንደሚያስብ እወቂለት። በአሥራ አምስት ቦታ የተበተነውን ታሪክ በስድስት ቦታ መጻፍ ከቻልሽ ግማሽ መንገድ ሄደሽለታል።

እና ውል። ውል ሳትፈርሚ አንድ ትዕይንት አታርሚለት። «እኛ ቤተሰብ ነን፣ ውል ምን ያደርጋል» የሚልሽ ሰው አለ፤ «ቤተሰብ ስለሆንን ነው የምንጽፈው፣ እንዳንጣላ» በዪው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ የፈረመችውን ውል አምጥታ አሳይታኛለች። ሁለት ገጽ ነበር። ገንዘቡ መጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ሁለተኛው ገጽ ታች፣ ከፊርማው በላይ፣ አንዲት መስመር፦ «ደራሲዋ በድርሰቱ ላይ ያላትን ማንኛውንም መብት ሙሉ በሙሉ አስተላልፋለች።» ያቺ መስመር ምን ያህል እንደምትበላ አልገባትም ነበር። ተከታታይ ድራማ ቢሆን፣ ቴአትር ቢሆን፣ መጽሐፍ ቢሆን፣ ውጭ አገር ቢሸጥ፣ ሁሉም ሄዷል። ስለዚህ እንዲህ ጠይቂ። ክፍያው በስንት ጊዜ ነው? ቀብዱ ስንት ነው? ከፈረምሽ በኋላ ስንት ጊዜ ታርሚያለሽ፣ ከዚያ በላይ ካለ ስንት ይከፈልሻል? በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተቀረጸ ድርሰቱ ይመለስልሻል ወይ? ሁለተኛ ክፍል ቢሠራ? ስምሽ ፖስተሩ ላይ የት ይወጣል? የመጨረሻውን አትፈሪው። የገንዘብ መብቱን ብትሸጪ እንኳ ደራሲ ተብሎ የመጠራት መብትሽ አይሸጥም፤ ሕጉ የሞራል መብት ይለዋል። የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ረጅም ፊልም፣ የ1957ቱን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን ስናነሳ ዳይሬክተሩን ላምብሮስ ጆካሪስን ብቻ አንጠራም፤ ጸሐፊውን እላላ ኢብሳንም እንጠራለን። ስሙ ስለተጻፈ ነው።

አንድ ነገር ልርሳ ስል መጣብኝ። ታሪክሽ በእውነት የደረሰ ነው ብለሽኛል፤ የሰፈርሽ ሴት ናት። እንግዲያው ሴትየዋ ዘንድ ሄደሽ ነበር? ወረቀት ይዘሽ? «ድፍረት»ን እዪ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካች ሽልማት አግኝቶ፣ በዓለም ሲመሰገን ቆይቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ክርክሩ ታሪኩ የማን ነው የሚለው ነበር። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ማን ልክ ነበር አልልሽም። አንቺ ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ ደራሲ ቆመሽ አስቢው። ሴትየዋን አክብሪያት፤ ቡና ይዘሽ ሂጂ፣ ምን እንደምትጽፊ ንገሪያት፣ የማትፈልገውን አውጪ፣ ከዚያ ፈቃዷን በጽሑፍ ተቀበይ፣ ከገንዘቡም ድርሻዋን አስቢላት። ሕይወቷን ነው የምትሰጥሽ።

«እንጀራስ?» አልሽ? ትክክል ነሽ፣ ልነግርሽ ነበር። ድሮ በየሳምንቱ አዲስ ፊልም ይመረቅ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ደራሲ ሰልፍ ይዞ ሲኒማ ቤት ተራ ይጠብቅ ነበር። በ2008 ቃና በትርጉም ድራማ ሲመጣ ብዙ ሰው ቤቱ ቀረ፣ ቀጥሎ ዩቲዩብ መጣ። ዛሬ የጸሐፊ የወር ገቢ በአብዛኛው ከተከታታይ ድራማ ነው። አትናቂው። አድነው ወንድይራድ «ገመና»ን ሲጽፍ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጥ ነበር። በሳምንት አንድ ክፍል መጻፍ እጅሽን ያፈጥነዋል፣ ቀልብ የሚይዝ መጨረሻ መሥራት ያስተምርሻል፣ የቤት ኪራይሽን ይከፍላል። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂ፤ ይቺን ፊልምሽን ቆርሰሽ ለድራማው አትስጪ። ክፍል 47 ሲጎድልሽ «ያቺን ትዕይንት ላስገባት» የሚል ሐሳብ ይመጣብሻል። እምቢ በዪው።

ውጭ መላክም አለ። የዱርባን ፊልም ማርት በየዓመቱ ከአፍሪካ ፕሮጀክቶችን ተቀብሎ ለገንዘብ ሰጪዎች ያቀርባል፤ ሪያልነስ የሚባለው ተቋም ለአፍሪካ የፊልም ጸሐፊዎች የመኖሪያ ሥልጠና ይሰጣል። የመዝጊያ ቀናቸውን ቀን መቁጠሪያሽ ላይ ጻፊ። እንግሊዝኛሽ አልቀና ቢል ጎበዝ ተርጓሚ ፈልጊ፤ ስክሪፕቱን ግን መጀመሪያ በሕልም በምታወሪበት ቋንቋ ጻፊው።

ትዕግሥት ላይ ብዙ አልልሽም፣ ኃይሌ ገሪማን ብቻ ላንሳልሽ። የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ ገሪማ ታፈረም ጸሐፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ሲያጣ ቁጭ ብሎ አላለቀሰም፤ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው፣ ሰውም ተሰልፎ አየለት። «ጤዛ»ን ደግሞ ገንዘብ እስኪሞላለት ዓመታት ይዞት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሲቀርብ የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ፤ ከሱ ጋር አብሮ ምን እንዳገኘ ታውቂያለሽ? የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት። ለጽሑፉ፣ የኔ ዓለም። በዚያ ሁሉ ዓመት ገንዘቡ ሲሄድና ሲመጣ ወረቀቱ እጁ ላይ ነበር።

እዚህ ሰፈር በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ፣ እኛ ታሪክ ያወራንባቸው ሻይ ቤቶችም አብረው ሄዱ። ግድግዳው ሲወርድ ቆሜ አየሁ። እዚያ ቁጭ ብለው ድንቅ ድንቅ ፊልም ያወሩ የነበሩ ሦስት ሰዎችን አስታወስኩ፤ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ አንድም ገጽ አልተዉም። ከመካከላቸው አንደኛው ያወራት የባቡር ጣቢያ ታሪክ እስከ ዛሬ ታምረኛለች፤ ግን የሱ ናትና ልጽፋት አልችልም።

ስለዚህ ለፕሮዲውሰሩ አሁን ደውዪለት። «ማክሰኞ አልመጣም፤ ጽሑፉ ሲያልቅ ራሴ እደውላለሁ» በዪው። አይቆጣም፤ ከተቆጣም ጥሩ አወቅነው። ከዚያ 35ኛውን ገጽ ክፈቺ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ጋዜጣዬን አነባለሁ፣ አላናግርሽም። ባትሪሽ 12 በመቶ ነው የሚለው፤ ሶኬቱ ከወንበሬ ጀርባ ነው፣ ገመዱን አቀብዪኝ።